ሰላምታ የሌለው ድምፅ

የመድፉን አፈሙዝ የተሸከመችው በቅሎ ከአስታው ጫካ እንደ ወጣች ቀጥ ብላ ቆመች። ለሜሳ ጎተታት፤ ገፋት፤ በእናቷም በአባቷም ሰደባት። ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ መንኮራኩር የጫነችው፣ ከእሷም ኋላ ጥይት የጫኑት ተራ በተራ ቆሙ። ከጎባ ሲነሱ ጋራው ጫፍ ላይ የተጣለ ነጠላ ይመስል የነበረው ጉም አሁን ፊታቸው ላይ ተገትሯል።

«ምን አይታ ነው?» አለ መሸሻ። የሬዲዮው ማንገቻ ትከሻውን ይገዘግዘዋል።

«ሰው።»

ለሜሳ በጣቱ አመለከተ። ጉሙ ውስጥ ቁመታቸው ከሰው የበለጠ፣ ራሳቸው የተንጨባረረ፣ እጅ የሌላቸው ጥላዎች ተሰልፈው ቆመዋል።

«ጅብራ ነው እኮ፣ ተክል።»

«ጅብራ መሆኑንማ እኔና አንተ እናውቃለን። ለበቅሎዋ ማን ይንገራት?»

ጥይት አቀባዩ ሸዋርጋ ሳቀ። ሳቁ ከአፉ ብዙም ሳይርቅ ጠፋ፤ ጉሙ እዚያው ዋጠው።

ከሰልፉ ኋላ አንድ ረጅም ሰው መጣ። የለበሰውን ጋቢ አውልቆ የበቅሎዋን ዓይን ሸፈነና በጆሮዋ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አወራላት። በቅሎዋ አንዴ ተነፈሰችና ተራመደች።

«ምን አልካት ባዳሳ?» ሲል ለሜሳ ጠየቀ።

«እንዴት አደርሽ አልኳት። አንተ ስትሰድባት እንጂ ሰላም ስትላት አልሰማሁም።»

ባዳሳ የሲናና ገበሬ ነው። የመሸሻን እህት ስመኝን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ መሸሻን በስሙ አይጠራውም፤ «ሶዳ» ይለዋል፣ አማቼ ማለቱ ነው። ስመኝ ነፍሰ ጡር ናት። ባዳሳ ከሁሉም ይልቅ ዓይኑ የተመሰከረለት ስለ ሆነ የመድፉ ተመልካች ተደርጓል። ሸንተረር ላይ ወጥቶ ጥይቱ የወደቀበትን እያየ «ጨምር፣ ቀንስ፣ ግራ፣ ቀኝ» የሚለው እሱ ነው። መድፉ የሚያየው በባዳሳ ዓይን ነው።

የመድፉ ጆሮ ደግሞ መሸሻ ነው። ከጦርነቱ በፊት የጎባ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበር። ሮቤን ከጊኒር፣ ጊኒርን ከአዲስ አበባ ሲያገናኝ የኖረ ሰው፣ የደዋዩን ስም መጠየቅ ከተወ ቆይቷል፤ «ሀሎ» ሲሉት ያውቃቸዋል። ነሐሴ ላይ የጊኒር መስመር ተቆረጠ። ቀጥሎ የጎሮ። ከዚያ በኋላ የስልክ ማገናኛው ቦርድ ፊት ተቀምጦ የሚጠራው አጥቶ ይውል ጀመር። ዝምታውን መቻል አቅቶት፣ በጎ ፈቃደኛ መድፈኞች ሲመዘገቡ እሱም ተመዘገበ። ሰው ለእናት አገር ብሎ ነው ይላል፤ እሱም አያስተባብልም።

ለሜሳ የሮቤ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ፣ ሸዋርጋ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው መደበኛ ወታደር መቶ አለቃ ገብረ ሚካኤል ብቻ ነው። መቶ አለቃው ወጣት፣ ቀጭን፣ ጭቃ ውስጥ እንኳ ጫማውን የሚወለውል መኮንን ነው። ይህችን በበቅሎ ተፈታታ የምትጫን መድፍ እንዴት እንደሚገጥሟት፣ እንዴት እንደሚያጎርሷት ያስተማራቸው እሱ ነው። ተኳሽ ሊያደርጋቸው ቻለ። ወታደር ማድረጉ ግን እያቃተው ነበር።

ረፋዱ ላይ ከገደሉ አፋፍ መድፉን ገጠሙ። ከበታቻቸው ቶጎና ወንዝ በጉም ተሞልቶ አይታይም። ከወንዙ ባሻገር ያለው ሸንተረር ብቻ ጉሙን ሰንጥቆ እንደ ዓሣ ጀርባ ብቅ ብሏል። አማፂዎቹ ሶወራዎች፣ መቶ አለቃው በሪፖርቱ «ሰርጎ ገቦች» የሚላቸው፣ ከሸንተረሩ ማዶ ሰፍረዋል። የሚሊሺያ ጦር ደግሞ ሳይነጋ ከጎባ ተነሥቶ በወንዙ ሸለቆ አድርጎ ከኋላቸው ሊመጣባቸው ታዟል። የባዳሳ ታናሽ ወንድም ጫሊ ከሚሊሺያው ጋር ነው።

«እስካሁን ወንዙን ተሻግረዋል» አለ መቶ አለቃው ካርታውን እያየ። ሚሊሺያው ሬዲዮ የለውም፤ ካርታው የሚለውን ማመን ብቻ ነው። «ባዳሳ፣ ሁለት ጠመንጃ ያዦች ይዘህ ሸንተረሩ ላይ ውጣ። እንደ ደረስክ ሬዲዮህን ሞክር።»

ባዳሳ ሬዲዮውን አዝሎ ጥቂት ራቅ እንዳለ እዚያው ሞከረው።

«ቀፎ፣ ቀፎ፣ ንብ ነኝ። አካም ቡልቴ ሶዳ? ነጋ? መኒ ነጋ? ሎን ነጋ?»

እንዴት አደርክ፣ ቤቱ ሰላም ነው፣ ከብቱስ ሰላም ነው ማለቱ ነው። መሸሻ ከብት ኖሮት አያውቅም። ቢሆንም «ነጋ፣ ነጋ» ብሎ ተራውን ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት መቶ አለቃው የሬዲዮውን እጀታ ከእጁ ነጠቀው።

«ይህ ሬዲዮ ነው ወይስ የሲናና ገበያ? ና ተመለስ!»

ባዳሳ ተመልሶ መጥቶ ቆመ።

«ስንት ጊዜ ነው የምነግራችሁ? ጠላት ይሰማል። ባትሪ ያልቃል። አንተ ስለ ከብት ስትጠይቅ እዚህ ሰው ይሞታል። ከአሁን በኋላ ሬዲዮ ላይ ሰላምታ የሰማሁበት ሰው ይታሰራል። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጓድ መቶ አለቃ። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሰው ደኅንነት ሳልጠይቅ ጉዳይ መጀመር አልችልም። አባቴ ወንበዴ መንገድ ላይ ቢያቆመው እንኳ መጀመሪያ የቤቱን ሰላም ነበር የሚጠይቀው።»

«ወንበዴውስ?»

«ደህና ነው ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚዘርፈው።»

መድፈኞቹ በሳቅ ፈነዱ። የመቶ አለቃው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰች፤ ወዲያው መለሳት።

«ሂድ» አለ።

ባዳሳ በመሸሻ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስመኝ ወንድ ከሆነ ስሙን አንተ አውጣ ብላለች። እስክመለስ አስብበት» አለው። ከሁለቱ ጠመንጃ ያዦች ጋር ቁልቁለቱን ሲወርዱ እግራቸው ጠፋ፤ ከዚያ ወገባቸው፤ ከዚያ ራሳቸው።

ባዳሳ ወንዙን ተሻግሮ ሽቅቡን ሲጀምር አንድ ጊዜ ጠራ። መሸሻ እጀታውን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ጀርባውን ለመቶ አለቃው ሰጥቶ ሰማው። ባዳሳ እያለከለከ፣ በሹክሹክታ፣ «ሶዳ፣ ነጋ? ሎን ነጋ? ለሰውዬው እንዳትነግር» ብሎ ሳቀ።

ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ሸንተረሩን ከእግሩ እስከ ጀርባው ዋጠው። መድፈኞቹ በመድፉ ዙሪያ ተኮልኩለው ተቀመጡ፤ እርስ በርስ መተያየት የሚችሉት በጭንቅ ነው። ድምፅ አቅጣጫ አጣ። የራሳቸው በቅሎ ስታናፋ ከገደሉ ሥር የመጣ ይመስላል፤ ከእግራቸው ሥር መሬቱን የሚሰረስረው ፍልፈል ደግሞ ሰው ከሩቅ የሚቆፍር ይመስላል። ጉሙ ሳሳ ባለ ቁጥር ጅብራዎቹ ይታያሉ፤ ሲታዩም ቀድሞ ከነበሩበት ቀረብ ያሉ ይመስላሉ።

«እነዚህ ሰዎች እየመጡ ነው» አለ ለሜሳ። ሊያስቃቸው ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ሬዲዮው ተንጫጫ።

«ቀፎ፣ ንብ ነኝ። ዒላማ አለ።»

የባዳሳ ድምፅ ነው። በዚህ መሸሻ አልተጠራጠረም። ግን አንድ እግሩን ደረጃ ላይ አኑሮ ቀጣዩን ደረጃ እንዳጣ ሰው ሆነ፤ ሰላምታው የለም። ጠበቀ። ባዳሳ የካርታ ቁጥሮች ተናገረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደ ተማሪ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

መሸሻ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ደገመ። መቶ አለቃው ካርታው ላይ አሳረፋቸው።

«የወንዙ መሻገሪያ ነው። ሚሊሺያውን ተከትሎ የወረደ ጠላት አግኝቷል ማለት ነው። ጎበዝ!» ቀና አለ። «ሰማህ መሸሻ? ያለ ሰላምታ፣ ያለ ከብት። ሲፈልግ ይችላል።»

ለሜሳ አነጣጠረ። ሸዋርጋ አጎረሰ። መድፏ ስትተኩስ ድምፁ ከወትሮው አጭር ነበር፤ ጋራው አልመለሰውም። ጥይቱ ወርዶ ሲፈነዳ እንኳ በትራስ የታፈነ ጩኸት ያህል ነው የተሰማው።

«ንብ፣ ቀፎ ነኝ። የት ወደቀ?»

ሬዲዮው ቆየ። ከዚያ፣ «ራቀ። ሁለት መቶ ግራ።»

ከባዳሳ ድምፅ በስተኋላ ሰው ሳለ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ ከዚያ አንድ ረጅም፣ ጉሮሮ የሚፍቅ ሳል። መሸሻ ይህን ሳል ለዓመታት በሽቦ ሲሰማው ኖሯል። ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ የነበረ ከማለዲን የሚባል ሰው ወደ ጊኒር ዕቃ ለማዘዝ ሲደውል፣ ከ«ሀሎ» በፊት የሚቀድመው ይህ ሳል ነበር። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ መስመሩን ሳይቆርጥበት ብዙ ጊዜ አሳልፎለታል። ከማለዲን ሱቁን ዘግቶ ከሶወራዎቹ ጋር ጫካ ከገባ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ምን አለ?» አለ መቶ አለቃው።

መሸሻ እጀታውን ይበልጥ ጆሮው ላይ ተጫነ።

«መሸሻ! ምን አለ?»

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ከባዳሳ ጋር ጠላት አለ። ተይዟል።»

መድፈኞቹ ሁሉ ዞሩ። መሸሻ ስለ ሳሉ ነገረው። ስለ ሰላምታውም ነገረው።

«ሰላምታውን የከለከልኩት እኔ ነኝ» አለ መቶ አለቃው። «ታዘዘ እንጂ ምን አደረገ?»

«አልታዘዘዎትም። ከከለከሉት በኋላ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ሰላም ብሎኛል። ደብቄዎት ነው። ማሰር ከፈለጉ ይሰሩኝ፤ ግን ይህ ሰው ሰላም ሳይል የቀረው በፈቃዱ አይደለም። ሊነግረን የሚችለው በዚህ ብቻ ስለ ሆነ ነው።»

መቶ አለቃው ካርታውን አየ፤ ከዚያ ጉሙን።

«ጠይቀው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰላም በለው። ሙሉውን።»

መሸሻ እጀታውን ጨበጠ።

«ንብ፣ ቀፎ ነኝ። አካም ቡልቴ ባዳሳ? ነጋ? መኒ ነጋ? ሎን ነጋ?»

ሬዲዮው ሲንሿሿ ቆየ። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ወንበዴን ሰላም የሚል ሰው ልጅ፣ በቅሎን እንዴት አደርሽ የሚል ሰው፣ የሚስቱ ወንድም ሰላም ብሎት ዝም አለ። ከዚያ፣ «ሁለት መቶ ግራ ብያለሁ» አለ።

በዚህ ጊዜ ከገደሉ ሥር በቅሎ አናፋ። የእነሱ በቅሎዎች ከኋላቸው ታስረዋል፤ ሁሉም ዞረው አዩአቸው፤ አንዷም አፏን አልከፈተችም። ቀጥሎ ሰው «ቀስ በሉ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል!» ሲል በአማርኛ ተሰማ። ጉሙ አዘግይቷቸው ሚሊሺያዎቹ አሁንም ሸለቆው ውስጥ ናቸው። ሁለት መቶ ግራ ቢተኩሱ የሚያርፍባቸው በእነሱ ላይ ነው።

«መድኃኔ ዓለም!» አለ ሸዋርጋ።

መቶ አለቃው ካርታው ላይ አጎንብሶ በሹክሹክታ ተናገረ። «ተኩስ ብናቆም እንደ ነቃን ያውቃሉ። ከሸንተረሩ ሆነው ሸለቆ ውስጥ ያለውን በድንጋይ እንኳ ይፈጁታል። ጠላትን ከሰዎቻችን አናት ላይ ማስነሳት አለብን።»

«ባዳሳ እኮ እዚያ ነው» አለ ለሜሳ።

«የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሦስቱንም የላክኋቸው እኔ ነኝ።» መቶ አለቃው ቀና ብሎ መሸሻን አየው። የፊቱ ወጣትነት የታወቀው ያን ጊዜ ነው። «በእጄ ያለው ያንተ ጆሮ ብቻ ነው። ተሳስቼ ይሆናል ካልከኝ አልተኩስም። እርግጠኛ ነህ?»

መሸሻ ስመኝን አሰበ፤ ጠዋት በር ላይ ቆማ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ። ከታች አንድ ሰው እየተንሸራተተ ሳቀ፤ የልጅ ሳቅ ይመስላል።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ።

ለሜሳ መድፉን ወደ ሸንተረሩ ሲያዞር ለአንዴም ቀና ብሎ ማንንም አላየም። ተኮሱ። ጥይቱ ጉሙን እየቀደደ ሄደ፤ ፈነዳ። መሸሻ ፍንዳታውን ሁለት ጊዜ ሰማው፤ በጆሮው አንዴ፣ በሬዲዮው አንዴ። በሬዲዮው የተሰማው ይበልጥ ቀርቦ ነበር።

መስመሩ ክፍት ነበር። ከማለዲን በሩቁ «ምንድን ነው ይሄ? ወዴት ነው የሚተኩሱት?» ሲል ተሰማ። ባዳሳም በተረጋጋ ድምፅ፣ «ጉሙ ነው። ጉም ድምፅ ያዞራል፤ አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ፣ ታውቃለህ» አለው። ከዚያ አፉን ወደ ሬዲዮው አቀረበ።

«ቀፎ፣ ንብ ነኝ። ነጋ፣ ሶዳ። መኒ ነጋ። ሎን ነጋ። ሁሉም ሰላም ነው።»

መሸሻ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሃምሳ ቀኝ፣ መቶ ቀንስ» አለ ባዳሳ።

«ምን አለ?» ሲል መቶ አለቃው ጠየቀ።

ሰላምታው ቁጥሩ እውነት ነው ማለት ነው፤ ባዳሳ የሚጠራው በራሱ ላይ ነው። ከመድፉ ዙሪያ ይህን የሰማ መሸሻ ብቻ ነው። ቦርዱ ፊት ተቀምጦ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሰው መልእክት አንድ ቃል ለውጦ አያውቅም።

«ሃምሳ ግራ» አለ። «መቶ ጨምር።»

ተኮሱ። ጥይቱ ከሸንተረሩ አልፎ ሩቅ ወደቀ። ሬዲዮው ወዲያው ተከፈተ።

«አልሰማኸኝም መሸሻ?»

በስሙ ሲጠራው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ቀኝ ነው ያልኩት። ቀንስ ነው ያልኩት። ጫሊ ታች ነው ያለው፤ ሳቁን እየሰማሁት ነው። እባክህ እንዳልኩህ አድርግ።»

ከኋላው ከማለዲን ጮኸ፤ የሚታገል እግር ተሰማ። መሸሻ እጀታውን ከጆሮው ሳያነሣ፣ በገዛ ጆሮው የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ በተሰማው ድምፅ፣ «ተሳስቻለሁ። መቶ ቀኝ፣ ሁለት መቶ ቀንስ» አለ። ያበላሸውንም ጨምሮ ማስተካከሉ ነበር።

ተኮሱ። በዚህ ጊዜ ፍንዳታውን የሰማው አንድ ጊዜ፣ በጆሮው ብቻ ነው።

«ድገም!» አለ መቶ አለቃው። ሸዋርጋ አጎረሰ፤ ተኮሱ። «ድገም!» እንደገና ተኮሱ። ሬዲዮው ውስጥ መንሿሿትም ድምፅም የለም፤ ክፍት መስመር እንኳ የሚያሰማው ሹክሹክታ የለም። ነሐሴ ላይ የጊኒር መስመር የሆነው እንዲህ ነበር።

«ተመልካቹ ምን ይላል?»

ሸዋርጋ ሌላ ጥይት አቅፎ ቆሟል። መቶ አለቃው የጠየቀው ረስቶ አልነበረም፤ ተመልካቹ ዒላማው ተመቷል ካላለ መድፍ ተኩሱን አያቆምም። እሱ ያስተማራቸው እንደዚህ ነው፤ ሌላ መንገድ የሚያውቅ አይመስልም።

«መሸሻ፣ ምን ይላል?»

መሸሻ ዝም ያለውን እጀታ ጥቂት አዳመጠ።

«ተመቷል ይላል» አለ። «ተኩስ አቁሙ ይላል።»

መቶ አለቃው በረጅሙ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ተኩስ አቁም።»

እኩለ ቀን ላይ ጉሙ ተነሣ። ሸንተረሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ላዩ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ከሸለቆው ሚሊሺያዎቹ እየተንጠላጠሉ ወጡ፤ ጭቃ በጭቃ፣ የተራቡ፣ ምንም ያልሆኑ። ውኃ ለመኑ። አናታቸው ላይ ስለ ጮኸው መድፍ ተሳደቡ።

ጫሊ ከሁሉም ኋላ መጣ። አንድ ጫማው ተቀዷል፤ በሽቦ አስሮታል።

«እናንተ መድፈኞች!» አለ እየሳቀ። «እኛ በእግራችን እንሞታለን፣ እናንተ ተቀምጣችሁ ታንኳኳላችሁ። ወንድሜ የታለ? ጫማ ቀይረኝ ልበለው፤ እሱ ሬዲዮ ተሸክሞ ነው የሚቀመጠው።»

ለሜሳ ከመድፉ ጋር መታገል ጀመረ፤ የሚፈታ ነገር ግን አልነበረም። ሸዋርጋ ወደ በቅሎዎቹ ሄደ። መሸሻ በእጁ ሸንተረሩን አመለከተ።

«እዚያ? ቆይ» አለ ጫሊ። ከገደሉ አፋፍ ቆመ፤ እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ የአገሩ ሰው ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ፣ በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ።

«ያ ባዳሳ! ያ ባዳሳ ሆ!»

ገደሉ ድምፁን ተቀበለ። ለማዶው ሸንተረር ሰጠው። ሸንተረሩ አቆይቶ፣ አቅጥኖ፣ ከሩቅ እንደሚመልስ ሰው አስመስሎ መለሰው። ጫሊ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠ። ፊቱ በራ።

«ሰማኝ» አለ። «እየወረደ ነው።»

የጥይት ሣጥን ጎትቶ ከመሸሻ አጠገብ ተቀመጠ። ወደ ሣጥኑ ጠርዝ ጠጋ ብሎ፣ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ ተወ። ከኪሱ ኮቾሮ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ መስበር ጀመረ።

መሸሻ የሬዲዮውን ማብሪያ አጠፋ።

«ጫሊ» አለው።